ሱሪው እስኪያጥር

«ይሄ ዝናብ ግን ምን ነካው፣ ኡሙልኸይር? ቡና በተሰጣ ቁጥር ማን ይነግረዋል? … ጋሼስ፣ እንዴት ናቸው ቤተሰብ? ኤልያስ ደህና ነው? ቁመቱ እርስዎን ሊያክል ነው አሉ፤ ማሻአላህ በይ እንጂ ኡሙ።»

ብርሃንነሽ ይህን የምትለው ጊንጆ ሰፈር ባለችው ስፌት ቤቷ መሬት ላይ ተንበርክካ ነው። ጋሽ ከፈለ በርጩማ ላይ ቆሟል። ለነገው የሰላም ስብሰባ የገዛው ሱፍ ሱሪው ስለረዘመበት፣ እሷ ከቀሚሷ ደረት ላይ ስፒል እየነቀለች ጠርዙን ታጥፋለች። ኡሙልኸይር የልጇን ቀሚስ ልታስጠብብ መጥታ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። ሰፊ ጠፍቶ አልነበረም ከፈለ እዚህ የመጣው። የብርሃንነሽ ልጅ ናኦድ ከጓደኞቹ ጋር ተማሪ ወግቶ ስልክ ነጥቋል ተብሎ ታስሯል፤ የለመደ ደንበኛ ዛሬ ሌላ ቤት ቢሄድ «ሸሻት» ይባላል ብሎ ነው።

«እስኪ ስለ አንድ ደግ ሰው ላውራሽ፣ ኡሙ። ስሙን አልጠራም፤ ደግ ሰው ስሙ ሲነሳ አይወድም … እሸት ቡና ሲደርስ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው የሚውሉትን ልጆቻችንን ሰበሰበ። ማን ሰብስቧቸው ያውቃል? እኔ ስፌት መኪናዬ ላይ ነኝ፣ የልጄ አባት አፈር ውስጥ ነው፣ ቀበሌው ‘ነገ ተመለሱ’ ይላል። እሱ ብቻ ‘ልጆቼ’ አላቸው። ዱላ አስያዛቸው፣ ጫት ገዛላቸው፣ አጋሮ መንገድ ላይ አቆማቸው። ገበሬው ቡናውን ጭኖ ሲመጣ ተሳስቶ ሌላ ነጋዴ ሚዛን ጋ እንዳይሄድ መንገድ ያሳዩት ነበር። አንዳንድ ገበሬ ደግሞ መንገድ ቶሎ አይገባውም። ዱላው ለሱ ነው።»

ከፈለ በርጩማው ላይ እግሩን ቀየረ።

«አይነቃነቁ ጋሼ፣ ስፒሉ እንዳይወጋዎት» አለች፣ ቀና ሳትል።

ሊወርድ አሰበ። ወርዶስ? አንዱ እግሩ ታጥፎ፣ አንዱ መሬት እየጠረገ በጊንጆ መሃል ሊሄድ ነው? «እኔን ነው?» ቢል ደግሞ ማመኑ ነው። ሞኝ አይደለምና ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለውን ኮት ማየት ጀመረ።

«ናኦዴ ያኔ ከቤት ሲወጣ አንገቱ ቀና ብሎ ነበር። ሰው ፈለገኝ ብሎ ነዋ። እኔም ሰውየውን መረቅሁት … እናት ሞኝ ናት። ከዚያ ቡናው አለቀ፤ ሰውየው በሩን ዘጋ። ዱላውን ግን መልሱ አላላቸውም፤ የሰጡትን መልሶ መቀበል ነውር ነው። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባል የለ? በሩ ሲዘጋበትስ የት ሄዶ ይጩኽ? … የኛዎቹ ተማሪ በሚያልፍበት መንገድ ሄደው ጮኹ። ልጄ አላጠፋም አልልሽም። የተወጋውም ልጅ እናት አለችው፤ እሷን ሳስብ እንቅልፍ የለኝም።»

ድምጿ ትንሽ ሰለለ። ወዲያው ሌላ ስፒል ነቀለች።

«አሁን ሰውየው ስብሰባ ይመራል። በቀደም ‘ወጣቱን ያበላሸው የወላጅ ቸልተኝነት ነው’ ሲል ተጨበጨበለት። እኔም አጨበጨብኩ፤ እንግዲህ ምን ላድርግ? ከአህያ የዋለች ጊደር … የቀረውን ታውቂዋለሽ። እኔ ያልገባኝ፣ ጊደሯ ስትታሰር አህያው ሰብሳቢ የሚሆነው በየትኛው መመሪያ ነው?»

ኡሙልኸይር ሻርፗን ወደ አፏ ሳብ አደረገች።

«ነገ ልጄ ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ የታወቀ ሰው ዋስ አምጪ ብለውኛል። ሰውየው ቤት ሄድኩ። መኪናው ግቢ ውስጥ ቆማለች፣ ጫማው በር ላይ ነው፤ እሱ ግን የለም አሉኝ። በባዶ እግሩ ወጥቶ ይሆናላ፣ ትሑት ነው … አቦ፣ እኔ አልፈርድበትም። ‘ልጆቼ’ ላላቸው ሁሉ ዋስ ሲሆን ከዋለ፣ ሰላሙን ማን ይሰብስብለት?»

«ነገ እመጣለሁ» የሚለው ቃል የከፈለ ምላስ ላይ መጣ። ሁለት ቃል ነው። ግን ዋስ ከሆነ «ልጁን ከየት ታውቀዋለህ?» ይባላል፤ ከዚያ የአጋሮ መንገድ ይመጣል፣ ከዚያ ዱላው። ቃሉን መልሶ ዋጠው። አፍሮ ነበር፤ ቢሆንም ዋጠው።

ብርሃንነሽ የመጨረሻዋን ስፒል ሰክታ ተነሳች። ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን አየችውና ፈገግ አለች።

«አለቀልዎ ጋሼ። ሲያምርብዎ። እግዜር ኤልያስን ያሳድግልዎ። እርስዎ ለኛ ልጆች የሆኑላቸውን፣ ለሱም የሚሆንለት ሰው መንገድ ላይ ይስጠው።»

ምርቃት ያለ አሜን አይቀመጥም። እሷ እጆቿን እንደዘረጋች ቆመች፤ ኡሙልኸይርም መዳፏን ዘርግታ ጠበቀች። ከፈለ ልጁን አሰበ፤ ዓይኑን መልሶ ግድግዳው ላይ ወዳለው ኮት ወሰደ።

«ምነው ጋሼ» አለች ብርሃንነሽ በለስላሳ ድምፅ፣ «ለልጅዎ አሜን አይሉም?»