የወረደው ጣሳ

የንግድ ውድድር ሊያጠና ደባርቅ የመጣው ጓድ ተመራማሪ፣ ፊት ለፊት ያሉትን የእኔንና የጎረቤቴን የአበበችን ጠላ ቤቶች ሲያይ ፊቱ በራ። እሷ ደጅ ላይ ጣሳ አልተሰቀለም። «አሸንፈዋታል፤ የከሰረው ቤት ይዘጋ ብዬ ለቀበሌው እጽፋለሁ» አለኝ። ደነገጥኩ፤ አበበች ልጆቿን የምታሳድገው በዚያ ጠላ ነው።

«ጓድ፣ ጠላዋ ገና አልደረሰም እኮ። በተራ ነው የምንጠምቀው፤ የእኔ ሲያልቅ ጣሳዬን አወርዳለሁ፣ እሷ ትሰቅላለች» አልኩት።

«እንዲህ ያለ ውድድር መጽሐፍ ላይ የለም» ብሎ የአበበችን ስም ደብተሩ ላይ ጻፈ።

ከሁለት ቀን በኋላ ሲመለስ የእሷ ጣሳ ተሰቅሏል፣ የእኔ ወርዷል። ደብተሩን ገልጦ ቆመ። «አሁን ደግሞ እርስዎ ተሸነፉ ማለት ነው?»

«አዎ ጓድ። ግን ደብዳቤውን ለመላክ አይቸኩሉ፤ ሐሙስ መልሼ አሸንፋለሁ።»

የአበበችን ስም ሰረዘና ሊጠጣ እሷው ቤት ገባ።