ዋጋው ሳይሆን ሰውየው መጣ

ኤፍሬም፣ ይህን ብነግርህ አታምነኝም፤ ኪዳነ ምሕረትን አታምነኝም። ቆይ መጀመሪያ ጠጋ በል፣ ይቺ ሚኒባስ በአንድ ወንበር አራት ሰው ካልጫነች ከደብረ ብርሃን አትወጣም። ብርዱስ እንዴት አደረገህ? እኔ ዛሬ ጠዋት ጢሜ ላይ የተጋገረውን ውርጭ በመጥረቢያ ነው ያስለቀቅሁት። አንኮበር እስክንደርስ ካላወራሁ ደግሞ አፌም ይደርቃል…

እንግዲያው ስለ አንድ ጎበዝ ሰው ላጫውትህ። ስሙን አልጠራም፤ ጎበዝ ሰውን ስሙን ሲጠሩት ዓይን ይበላዋል። ከሹፌሩ ጎን መነጽር አድርጎ የተቀመጠውን ነው ወይ ትለኝ ይሆናል። ኧረ እኔ ምን አውቄ፤ ከኋላ ሆኜ የማየው ማጅራት ብቻ ነው፣ በማጅራት ደግሞ ሰው አይታወቅም… ያማረ ማጅራት ግን ነው።

ይህ የኔ ጎበዝ ቤት ያሻሽጣል። ደላላ እንዳትለው፣ ቅር ይለዋል፤ ወኪል ነው። ደላላማ ባጃጅ ተራ ቆሞ፣ እግሩ እስኪያብጥ "የሚሸጥ ቤት" እያለ ሲለፈልፍ የሚውለው ምስኪን ነበር። እሱ ምን በወጣው? ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ይተኛል፣ ኢንተርኔቱ ሻጭ ያድንለታል። እኔ ፊደል ያልቆጠርሁ ሰው ነኝ፣ ግን ያስረዱኝን ላስረዳህ። ስልክ ላይ የሚከፈት አንድ ገጽ አለው። "የቤትዎን አድራሻ ይጻፉ፣ ዋጋውን በነፃ እንነግርዎታለን" ይላል። ትጽፋለህ። "ስልክ ቁጥርዎንም" ይላል። ትሰጣለህ። ከዚያ ዋጋው አይመጣም፣ ሰውየው ይመጣል። እንዲህ ያለ ትጋት የት አይተሃል? አድራሻ የጻፈ ሁሉ ለሱ ቤት ሻጭ ነው።

የቄስ ፍሥሐን ባለቤት እማማ ወለተሐናን ታውቃቸው የለ? ቄሱ ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን የሚኖሩትን? ልጃቸው ገነት አዲስ አበባ መሥሪያ ቤቷ ተቀምጣ፣ ጓደኞቿ "የአባቴ ቤት ይህን ያህል ያወጣል" እየተባባሉ ሲፎካከሩ ሰማች። "የኛስ?" አለችና ጻፈች። የኛን አገር አድራሻ መቼም ታውቀዋለህ፤ "ደብረ ብርሃን፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ከወፍጮው ዝቅ ብሎ፣ በሯ አጭር የሆነችው የቄስ ፍሥሐ ቤት።" ይህን ማሽን ያገኘዋል? አያገኘውም። የኔ ጎበዝ ግን አገኘው። ስልኳን ቦርሳዋ ሳትከት ደወለላት። "እኔ እኮ ዋጋውን ለማወቅ ብቻ ነው፣ የምንሸጠው ቤት የለንም" አለችው። እሱ ሰው አክባሪ ነው፣ ሰው ሲያወራ አያቋርጥም። እስከ መጨረሻው ሰማት፣ ስልኩን ዘጋ፣ "አስቸኳይ ሽያጭ" ብሎ ገጹ ላይ ለጠፈው…

እሑድ ጠዋት እማማ ቅዳሴ ሄደዋል፤ በራቸውን ደግሞ ቆልፈው አያውቁም። ጎበዙ ዘጠኝ መኪና ሙሉ ገዢ ይዞ ከተፍ አለ። ዘጠኝ ነው፤ ዐሥራ ዘጠኝ ያለህ ሰው ካለ አጋንኗል። ገዢዎቹ ሁሉ ጥቁር ኮት ለብሰዋል። በሩ አጭር ስለሆነ ደግሞ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ነው የሚገባው። ጎረቤታቸው ወርቄ ይህን ባጥሯ ላይ አየች። የማታውቀው መኪና፣ ጥቁር ልብስ፣ አንገቱን የደፋ ሰው፣ የእማማ ድምፅ የለም… አንተ ብትሆን ምን ትላለህ? እሪ አለች። ማን ገብቶ ያጣራል፣ በሩን ገዢው ሞልቶታል። የእድሩ ጡሩምባ ተነፋ፣ ድንኳን ተተከለ፣ ቅዳሴው ሳይወጣ ንፍሮ ተቀቅሎ ነበር። አልቃሿ የእማማን ደግነት ስታወርደው ከገዢዎቹ ሦስቱ ተንሰቅስቀው አለቀሱ፤ አንዱማ ቤቱን ትቶ እድሩ ውስጥ ተመዘገበ።

ጎበዙስ? ድንኳን ሙሉ ሰው ሲያይ ሁሉም ገዢ መሰለው። በለቀስተኛው መሃል እየዞረ ካርዱን ያድል ጀመር። የእድሩ ዳኛ ብርሃነ መስቀል የሩቅ ዘመድ መስሎት አቅፎ "እግዜር ያጽናህ" ቢለው፣ "እርስዎም ስልክዎን ይተዉልኝ" አለው። ሥራ ወዳድነት ማለት ይህ አይደለም?

እማማ ተመለሱ። ድንኳኑን ሲያዩ ማን እንደሞተ እንኳ ሳይጠይቁ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡና ያለቅሱ ጀመር። ወርቄ አጠገቧ ማን እንደተቀመጠ ስታይ ከነወንበሯ ተገለበጠች።

ሳቅህ አይደል? እኔም ስቄ ነበር። ሳቁ ያለቀው ጎበዙ እማማ ፊት ቆሞ "አይደንግጡ እናቴ፣ ቤቱን ለሽያጭ የሰጠችን ልጅዎ ናት" ሲል ነው። ሰጠችን… ቄሱ ድንጋዩን በትከሻቸው ተሸክመው የሠሯት ቤት ናት። የእማማ እጅ ሄዶ የበሩን መቃን ያዘ። ከዚያ ወዲህ ገነት በቀን ሦስቴ ትደውላለች። እማማ ስልኩን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሲጠራ ያዩታል እንጂ አያነሡትም። እናትና ልጅን በአንድ ጠዋት መለያየት እንግዲህ ለማንም ሰው የሚቻል አይደለም፤ ተሰጥኦ ይጠይቃል።

አሁን ደግሞ ሥራውን ወደ አንኮበር እያሰፋ ነው አሉ። አንተ መቼም የአባትህን ቤት አልጻፍህም… ኤፍሬም?… ምነው ፊትህን ወደ መስኮት አዞርህ?

ብቻ ያን እሑድ እማማ እንዲሁ አልሸኙትም። ድንኳኑ ሁሉ እርግማን ጠበቀ። የቄስ ሚስት ግን አትራገምም። ጎንበስ በል አሉትና እጃቸውን ራሱ ላይ ጫኑ። እሱም መነጽሩን አውልቆ፣ ገና ሳይጀምሩ አሜን፣ አሜን ይል ጀመር።

"ሰባት ልጅ ይስጥህ፣ የኔ ልጅ" አሉት፤ "ሰባቱም ስልክ የሚችሉ ይሁኑልህ። አርጅተህ ቅዳሴ በሄድህ ቁጥር፣ ቤትህ ስንት እንደሚያወጣ የሚጠይቁልህ።"