ቅርጫ የገባው ፕላን

ሰኔ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት የተማሪዎቼን የፈተና ወረቀት በደረቴ አቅፌ ወደ ቤቴ ስሄድ ዝናብ ያዘኝና መካነ ሰላም ካለው የሥዕል ቤተ መዘክር በረንዳ ተጠለልሁ። ከውስጥ የጭቅጭቅ ድምፅ ይሰማል። በሰው ጭቅጭቅ መካከል መግባት ልማዴ አይደለም፤ ግን የበረንዳው ጣራም ያፈስ ነበርና ገባሁ።

ሦስት ሰዎች ፊታቸውን ወደ አንድ ግድግዳ አዙረው ቆመዋል። መቅደላዊት የቤቱ ኃላፊ ናት፤ የሕንፃ ሥራ የተማረች ወጣት። አቶ ዓባይነህ ቤቱን ያሠራው ኮሚቴ ሰብሳቢ የነበሩ አዛውንት ናቸው። ሦስተኛው መሮና መዶሻ የያዘው ግንበኛው ቢሻው ነው። ግድግዳው ላይ የከተማችን ልጅ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ሠዓሊው ንጉሡ እዚያው ልስኑ ላይ የሣለው የገበያ ቀን ሥዕል አለ። ከላይ የወረደው እርጥበት የበቅሎዎቹን ጆሮ አጥቁሯል።

«ጋሼ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ልጠይቅዎት» አለች መቅደላዊት። «የዚህ ቤት ፕላን የት ነው?»

«ነገርኩሽ እኮ ልጄ። ተከፋፍለነዋል።»

«ፕላን እንዴት ነው የሚከፋፈለው?»

«እንደ ቅርጫ ነዋ። ቤቱ ሲመረቅ ድንጋይ ያስፈለጠ አለ፣ እንጨት የሰጠ አለ፣ ልጁ ከጅዳ ገንዘብ የላከለት አለ። ምን እንሸልማቸው? መሐንዲሱ ያን የመሰለ ወረቀት ትቶልን ሄዷል። ለየአንዳንዱ አንድ አንድ ቅጠል በፍሬም አድርገን ሰጠን። ማንም አልተቀየመ። ወረቀቱ ከሰዉ በአንድ ቢያንስ ትልቁን ለሁለት ቆርጠን ደለደልነው።»

«ቆረጣችሁት?»

«በማስመሪያ ለክተን ነው የቆረጥነው። እኩል ነው።»

ቢሻው ፊቱን አዙሮ ሳቀ። ማንም ሳይቀየም ማካፈል የአገራችን ደግ ልማድ ነው፤ ሥጋም መሬትም ስናካፍል ኖረናል። ችግሩ መቼ ማቆም እንዳለብን አለማወቃችን ነው።

«ደግሞስ ቤቱ ካለቀ ፕላን ምን ይሠራል?» አሉ አቶ ዓባይነህ። «ግንበኞቹ የቆሙበት የእንጨት መወጣጫ እንኳ ፈርሶ ማገዶ ሆኗል።»

«መወጣጫው ሥራውን ጨርሶ ነው የፈረሰው። በግድግዳው ውስጥ የተቀበረውን ቱቦ ግን አሁን ማን ያሳየን?»

«ግንበኛው ይኸው፤ ይፈልገው። መሮ ይዞ የለ?»

«ጋሼ፣ ቤቱን እኔ አልሠራሁትም» አለ ቢሻው። «ከሠሩት አንዱ ሪያድ ነው፣ አንዱ አፈር ውስጥ ነው። የአሸንዳውን ውሃ የሚያወርደው ቱቦ ተሰንጥቋል። በየት እንደሚያልፍ ካላወቅሁ ከዚህ እስከዚህ መንቀል ነው።» እጁን ከሥዕሉ ዳር እስከ ዳር ነዳው።

የአዛውንቱ ፊት ተለወጠ። «እዚያ ጋ አትንካ። ከገብሱ ጆንያ ጎን የተቀመጠችው እናቴ ናት። ንጉሡ በሕይወት እያለች አይቷት ነው የሣላት። ፎቶ ተነሥታ አታውቅም።»

«ታዲያ ወረቀቶቹን ይሰብስቡልኛ» አለች መቅደላዊት።

«የሰጡትን መልሶ መጠየቅ ነውር ነው። ከተሸለሙት አንዷ፣ በዛች፣ በልጇ ሠርግ ጊዜ ከወረቀቷ ሥር ቆማ ነው ፎቶ የተነሣችው። ‹አምጪ› ልበላት?»

«አዎ፣ ይበሏት።»

«አንቺማ ትያለሽ። ነገ ቤቷ በምን ፊቴ እገባለሁ?»

ግድግዳውን ልሰብር ነው የሚል ሰው በአጠገባቸው ቆሞ እሳቸው ስለ በዛች ሳሎን ይጨነቃሉ። ለመናገር አፌን ከፈትሁ፤ ዓይን አፋርነቴ መልሶ ዘጋው። መቅደላዊት ግን ትንፋሿን ስባ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ጋሼ፣ በሬ ነበረዎት?»

«አንድ ነበረኝ። ከወዳጄ ከሙሐመድአሚን በሬ ጋር እያቀናጀን ስንት ዘመን አርሰናል።»

«ያን በሬ ለቅርጫ አርዳችሁት ታውቃላችሁ?»

«የሚያርስ በሬ? ጤና የለሽም እንዴ ልጄ?»

«ለጎረቤት ሁሉ ይዳረስ ነበር። ማንም አይቀየምም።»

«ሊዳረስ ይችላል፤ ከዚያ በምን ልናርስ…» አሉ።

«ቤቱ ቆሞ እስካለ ድረስ ፕላኑም ገና እያረሰ ያለ በሬ ነው። እናንተ አርዳችሁ ተካፈላችሁት።»

አቶ ዓባይነህ በሥዕሉ ላይ ወዳለችው እናታቸው ዞሩ። «ምላስሽ መርፌ ነው» አሉ። «የኔን ላሳይሽ። ግን ቱቦ ያለበት አይመስለኝም፤ ዝም ብሎ መስመር ነው።»

ቤታቸው ከመንገዱ ማዶ ነው፤ አራታችንም ሄድን። ፍሬሙ ከሶፋው በላይ፣ ከማርያም ሥዕል ጎን ተሰቅሏል። መቅደላዊት ገና እንዳየችው ጣቷን ጫነችበት።

«የፈለግነው ይኸው ነው። የውኃ መውረጃው ነው።»

ጣቷ ከጣራው ተነሥቶ መስመሩን እየተከተለ ሄደ፤ ከፍሬሙ ጠርዝ ሲደርስ ቆመ።

«ቀጥሎስ?» አልሁ ሳላስበው።

«ቀጥሎ ሙሐመድአሚን ቤት ነው» አሉ አቶ ዓባይነህ።

ስልኩን ያወጡት ራሳቸው ናቸው፤ ለመናገር ግን ጉሮሯቸውን ደጋግመው ጠረጉ። «ሙሐመድአሚን፣ እንዴት ዋልክ? ያን ሽልማት ነበር… ለጥቂት ጊዜ።»

የወዳጃቸው ድምፅ ለሁላችንም ይሰማ ነበር። «ወላሂ ዓባይነህ፣ ስንት ዓመት አየሁት፣ ቤት ይሁን በረት ገብቶኝ አያውቅም። ላምጣው?»

ብዙም ሳይቆይ አቶ ሙሐመድአሚን ግማሻቸውን በላስቲክ ጠቅልለው በዝናቡ መጡ። «ሽልማቴን ልትነጥቀኝ ነው አሉ» ብለው ሳቁ። «አብሽር። የግድግዳ ስንጥቅ ነበር የሸፈንኩበት።»

ሁለቱን ወረቀት ወለሉ ላይ ገጠምናቸው። መስመሩ ቁርጡን ተሻግሮ ወደ ማዕዘኑ ታጠፈና በውጭው የግድግዳ ፊት በኩል ወረደ። ከሥዕሉ ሥር አላለፈም።

ቢሻው ተንበርክኮ አየው። «ከውጭ ነው የምከፍተው። ሥዕሉ ጋ አልደርስም።»

አቶ ዓባይነህ ሶፋቸው ላይ ተቀመጡ። «እኔ ነኝ መቀሱን የያዝኩት» አሉ። «ሌሎቹንም ራሴ እሰበስባለሁ።»

እንዳሉትም አደረጉ። በየቤቱ እየዞሩ የበሬውን ነገር ተናገሩ። «ነውር ነው» ያላቸው አልጠፋም፤ በዛች ግን ራሷ አውርዳ ሰጠቻቸው።

ዛሬ ወረቀቶቹ በደረቅ ክፍል፣ ከወለል ከፍ ባለ የብረት ቁም ሣጥን ውስጥ ሳይታጠፉ ተዘርግተው ተቀምጠዋል። ፎቶ ተነሥተው ቅጂያቸው በሌላ ቤት አለ። ድንጋዩ ከየት እንደ ተፈለጠ፣ በምሰሶው ውስጥ ምን ብረት እንደ ገባ፣ በሥራው መካከል ምን እንደ ተቀየረ የሚናገሩት ከኮሚቴው የተገኙ የግንባታ መዛግብትም አብረው ተቀምጠዋል። መብራት ሲበላሽ ሽቦው በየት እንደሚያልፍ ይታወቃል። አዳራሹ ይስፋ ቢባል ጣራውን የተሸከመው የትኛው ግድግዳ እንደ ሆነ ሰው ሳይሞትበት ይታወቃል። ሥዕል የሚኖረው ቤቱ እስከኖረ ነውና ቤቱን ሳያውቁ ሥዕሉን እጠብቃለሁ ማለት ድካም ብቻ ነው። እናንተም ትምህርት ቤት ወይም ጤና ጣቢያ አሠርታችሁ እንደ ሆነ ፕላኑ የት እንዳለ ሳይዘንብ ጠይቁ።

መቅደላዊት ሽልማቱ እንዳይቀር ለሁሉም ቅጂ አሠራች። አቶ ዓባይነህን ግማሻቸውን በዚያው ፍሬም ልክ ታሠራላቸው እንደ ሆነ ጠየቀቻቸው።

«ግማሽ አልፈልግም» አሉ። «ሙሉውን ስጪኝ። ለሙሐመድአሚንም ሙሉውን።»