ከሮቶው አጠገብ የቆመው ሰውዬ

የምስክር ስም፦ ወ/ሮ ራቢአ ሙአዊያ የህያ
ዕድሜ፦ 43
ሥራ፦ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ንግድ
አድራሻ፦ ሰበታ ከተማ፣ መናኸሪያ አካባቢ
ቃል የተሰጠበት ቀን፦ ኅዳር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.
ቃሉን የተቀበለው፦ ረዳት ሳጅን ሀብተወልድ ኢተፋ

በኦቦ ኦዳ ላይ ስለተፈጸመው ግድያ የማውቀውን እንድናገር ተጠይቄ፣ ማንም ሳያስገድደኝ የሚከተለውን ተናግሬያለሁ። ሟቹ ከሱቄ ማዶ ጎሚስታ ቤት ነበራቸው። ጠብም ዝምድናም የለንም። ጠዋት ሱቅ ስከፍት «አካም ቡልቴ» ብለው እንዴት አደርሽ ሳይሉኝ የቀሩበት ቀን ትዝ አይለኝም። ተጠርጣሪውን አቶ ታመነን ግን ከማክሰኞ በፊት አላውቃቸውም።

ማክሰኞ ኅዳር 17 ቀን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ አቶ ታመነ ከባለቤታቸው ከወ/ሮ ቦሰና ጋር ሱቄ ገቡ። ሁለቱም ጥቁር ለብሰው ነበር። ትልቅ ቴሌቪዥን እንፈልጋለን ሲሉኝ ለምን እንደሆነ ጠየቅኳቸው፤ ኳስ ለሚያይና ፊልም ለሚያይ የምሸጠው አንድ ዓይነት አይደለም። ወ/ሮ ቦሰና ልጃቸው ሲላስ በመስከረም ወር እንደሞተባቸው ነገሩኝ። በሞተበት ቀን አመሻሽ ላይ በቤተ ክርስቲያናቸው ግቢ ከመዘምራን ጋር ሲዘምር በስልክ የተቀረጸ ቪዲዮ አለ። በስልኩ ላይ ፊቱ የጥፍር ያህል ስለሆነባቸው በትልቁ ሊያዩት ፈለጉ። አቶ ታመነ ደግሞ ልጁ የተገኘው ከግቢው ጀርባ ውሃ ባቆረ የድንጋይ ማውጫ ውስጥ እንደሆነ፣ ሰው ገፍቶታል ብለው እንደሚያምኑ ነገሩኝ። የሚጠረጥሩት በአጥር ምክንያት የተጣሏቸውን ኦቦ ኦዳን ነበር፤ ኦቦ ኦዳ ግን የዚያን ቀን ተፍኪ ከተማ ነበርኩ ብለዋል። በጣም አዘንኩላቸው። አላህ ያጽናችሁ አልኳቸው።

በእኔ ሱቅ ቴሌቪዥን የሚመረጠው ደንበኛው በፍላሽ ይዞት በመጣው ቪዲዮ ነው። ከፋብሪካ የሚመጣው ማሳያ አበባና ፏፏቴ ስለሆነ በእሱ የማያምር ቴሌቪዥን የለም፤ በእሱ እያታለለ የሚሸጥ ነጋዴ ያናድደኛል። ስለዚህ የእነሱን ቪዲዮ ጎን ለጎን በተሰቀሉ ሦስት ቴሌቪዥኖች ላይ ከፈትኩት፤ አንዱ ፉል ኤችዲ፣ ሁለተኛው ፎርኬ ኤልኢዲ፣ ሦስተኛው ስልሳ አምስት ኢንች ፎርኬ ኦሌድ ነበር። ኦሌድን የምሸጠው በጥቁሩ ነው። ሌላው ጨለማውን አመድ ያስመስለዋል፤ ኦሌድ ግን በጨለማው ውስጥ ያለውን ሁሉ ይለያል። እንደ ልማዴ ቪዲዮውን ጨለማ በበዛበት ቦታ አቆምኩና ከመዘምራኑ ጀርባ ያለውን የውሃ ሮቶ በጣቴ እያሳየሁ «ጋሼ፣ እስቲ ይዩት። በእነዚያ ላይ ምንም የለም። በዚህኛው ግን ከሮቶው አጠገብ የቆመው ሰውዬ እንኳ ይታያል» አልኳቸው። ይህን ያልኩት ለመሸጥ ነው።

አቶ ታመነ ወደ ስክሪኑ ተጠጉ። «ኦዳ ነው። ጃኬቱን አውቀዋለሁ» አሉ። ወ/ሮ ቦሰና የልጃቸውን ፊት እያዩ ያለቅሱ ስለነበር ወደዚያ ጥግ አልተመለከቱም። አቶ ታመነ እርግጠኛ መሆኔን ጠየቁኝ። እኔም «ፎርኬ አይዋሽም» አልኩ። ወላሂ ብያለሁ፣ አልክድም። ከዚያ ወጡ። ዕቃ መጫኛ ሊጠሩ መስሎኝ ቴሌቪዥኑን ከግድግዳው ማውረድ ጀመርኩ። ጩኸት ሰምቼ ስወጣ ኦቦ ኦዳ ደጃፋቸው ላይ ወድቀው፣ አቶ ታመነ የጎማ ማውለቂያ ብረት ይዘው ቆመው ነበር። ለመሸሽ አልሞከሩም። ኦቦ ኦዳ ሆስፒታል ሳይደርሱ ማረፋቸውን በኋላ ሰማሁ።

በስክሪኑ ላይ የታየው ሰው ሟቹ ስለመሆናቸው በመርማሪው ተጠይቄ የሰጠሁት መልስ የሚከተለው ነው። ቪዲዮው በቴሌግራም ከሰው ሰው እየተላከ ጥራቱ የደከመ ነው። ፎርኬ ቴሌቪዥን የደከመ ምስል ሲሰጡት በራሱ ልክ ለማሳደግ የጎደለውን በግምት ይሞላል። በዚያ ላይ ሱቅ ውስጥ የምናበራቸው ሁሉ ብርሃናቸው ከልክ በላይ ተጋኖ የተስተካከሉ ናቸው። ይህን አውቃለሁ። ለደንበኛ ነግሬ ግን አላውቅም፤ ማን ነግሮ ይሸጣል? እጅጌው ላይ ነጭ መስመር ያለውን ያን ጃኬትም ግማሽ ሰበታ ይለብሰዋል።

ዛሬ ጠዋት መርማሪውና ወ/ሮ ቦሰና ባሉበት ያንኑ ቪዲዮ በዚያው ኦሌድ ላይ ከፈትኩ፤ የሱቁን ማስተካከያ አጥፍቼ እዚያው ቦታ ላይ አቆምኩት። ፊት የመሰለኝ ግድግዳው ላይ ያለ እድፍ ነው። ትከሻ የመሰለኝ በሮቶው ቧንቧ ላይ የተንጠለጠለ ጃኬት ነው። ውስጡ ሰው የለም። ወ/ሮ ቦሰና ተነስተው እጃቸውን ስክሪኑ ላይ አሳረፉና «የሲላስ ነው። የመዘምራን ጋዋን ሊለብስ አውልቆት ነው። አባቱ ከተጂ ገበያ የገዛለት» አሉ። ጃኬቱ ከዚያ ቀን ወዲህ ጠፍቶባቸው እንደነበር ተናገሩ። ቀጥለውም ይህን ለታመነ ማን እንደሚነግረው ጠየቁ።

ቃሌ ሲነበብልኝ «ከሮቶው አጠገብ ሰው አየሁ» ተብሎ ተጽፎ ነበር፤ «ሰው አለ ብዬ ለአቶ ታመነ ነገርኳቸው» ተብሎ እንዲታረም አድርጌያለሁ። የቀረው ሁሉ እንደተናገርኩት ስለሆነ፣ ፍርድ ቤትም ብጠራ አቶ ታመነ ፊት ቆሜ ይህንኑ የምደግመው ስለሆነ፣ እውነት ነው ብዬ ፈርሜያለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ራቢአ ሙአዊያ
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፦ ረዳት ሳጅን ሀብተወልድ ኢተፋ