በሰው ረዳት ታዝዤ የወደቅሁበት የተሳቢ ፈተና

በእኛ ጊዜ፣ ስሚኝ ልጄ፣ በእኛ ጊዜ ሹፌር ኋላውን አያይም ነበር። ምን ሊያይ። ለኋላ ረዳት አለ። ሹፌሩ ፊት ፊቱን ያያል፣ ረዳቱ ኋላ ኋላውን ያያል፣ እና መኪናው በሁለት ሰው ዓይን ይሄዳል። ወደ ኋላ ስትመለሺ ረዳቱ ይወርድና ቆርቆሮውን በመዳፉ ይመታል፤ ሁለቴ ቧ ቧ ካደረገ ና ማለት ነው፣ አንዴ ቧ ካደረገ ቁም ማለት ነው። እኔ ሠላሳ ዓመት ከአምባሰል ማሽላ እየጫንሁ፣ በመስከረም የግሸንን ተሳላሚ እያመላለስሁ፣ በዚያች ቧ ነው የኖርሁ። ይችን ጻፊያት። ነገሩ ሁሉ ከእሷ ነው የመጣ።

ታዲያ አንቺ የማኅበሩ ጸሐፊ ነሽ፣ ታውቂዋለሽ፣ ግን እኒህ ልጆች አያውቁምና ልናገር። የገበሬ ማኅበራችን የእህል መውቂያ ማሽን አለው አይደል፣ ባለ ሁለት ጎማ፣ ከማኅበሩ ፒካፕ ኋላ ተቀጥሎ እሚጎተት። ይጎትተው የነበረ ከደሴ እሚመጣ ሹፌር ነው። እና ሰውዬው አስፋልት ዳር ያለውን ሲያስወቃ ይከርምና ወደ እኛ፣ ወደ አርዲቦ ዳገት ሲደርስ፣ "ይሄ መንገድ ነው የፍየል መውጫ?" ብሎ ይመለሳል። ሐቁን ነው፣ ጠባብ ነው፤ ግራ ቀኙ የድንጋይ ካብ፣ ጫፉ ላይ አውድማ፣ መዞሪያ የለውም። ማሽኑን ወደ ኋላ ገፍተሽ ነው እምታስገቢው። ታዲያ አምና ዛሬ ይመጣል ነገ ይመጣል ሲባል፣ የጎረቤቴ የዘሀራ የጤፍ ክምር እንደ ቆመ ያልታሰበ ዝናብ ወረደበት። ባሏ የሞተባት፣ ልጇ አረብ አገር ያለች ሴት ናት። ጤፉ ክምሩ ላይ በቀለ። አረንጓዴ ሆነ። እሷ "አልሀምዱሊላህ" ብላ ክምሩን በእጇ ዳሰሰችው። እኔ ያን እጇን አየሁት። ባላየሁት ጥሩ ነበር።

ስብሰባ ላይ ተነሣሁ። "ዘንድሮ እኔ እጎትተዋለሁ" አልሁ።

ሊቀመንበሩ፣ "ጋሽ ሙሄ፣ መንጃ ፈቃድዎ ላይ ተሳቢ እሚል የለም። ሳይፈተኑ ቢጎትቱ መኪናውም ማሽኑም ይያዛል።"

"እፈተናለኋ።"

"በዚህ ዕድሜ?"

"እሚፈተነው ዕድሜዬ ነው እጄ?"

ሳቁ። ባለሱቁ ከድር እንኳ፣ ሦስት ጥርስ የቀረው፣ በሦስቱም ሳቀ። እና ኅዳር ሳይገባ ካላለፈ የደሴው ሰው ይቀጥላል ተብሎ ቃለ ጉባኤ ተጻፈ፣ ተነበበም። ስለ እኔ የተጻፈባትን ነገር ኋላ እንደርስባታለን። አታቀርቅሪ መዲና። ጻፊ።

ታዲያ ደሴ ሄድሁ። ወላሂ ሳልለማመድ ነው የሄድሁ። ሠላሳ ዓመት የነዳ ሰው ምን ይለማመዳል ብዬ። ፈተናው ተሳቢውን በእንጨት ችካሎች መካከል ወደ ኋላ አስገብቶ ማቆም ነው። ፈታኙ ልጅ እግር ነው፣ ጎኔ ተቀመጠና ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ "ይጀምሩ አባቴ" አለኝ።

"ረዳቱስ?" አልሁት።

"የምን ረዳት?"

"ከኋላ እሚመታልኝ።"

ቀና ብሎ አየኝ። "አባቴ፣ ዛሬ ብቻዎን ነዎት።"

ቢስሚላህ ብዬ ኋላ ማርሽ አስገባሁ፣ ጆሮዬን አቀናሁ። ታዲያ ከአጥሩ ውጭ አንድ ሚኒባስ አለ፣ ረዳቱ ሰው ሊያወርድ ቆርቆሮውን ቧ አደረገው። እግሬ ፍሬን ላይ። ቆምሁ።

"ምነው ቆሙ?" አለ ልጁ።

"ቁም ተባልሁ።"

"ማን አለዎት?"

ደግሞ ጀመርሁ። ውጭ ቧ ቧ አለ። መጣሁ፣ ረገጥሁት፣ ችካሉ ቋ ብሎ ተሰበረ፣ ተሳቢው እንደ ተቆጣ በሬ አንገቱን አጥፎ የራሴን መኪና ሊወጋ መጣ። እንዲህ ነው፣ ስሙን በማላውቀው የሚኒባስ ረዳት ታዝዤ ወደቅሁ። ልጁ ጨዋ ነው፣ አልሳቀም። "አባቴ፣ ጆሮዎ ደህና ነው። ሁለተኛ ሲመጡ ዓይንዎን ይዘው ይምጡ" አለኝ።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ አገራችን ሐይቅ ገባ። ከድር በሱቁ በር ሳልፍ የበሩን ቆርቆሮ ቧ ያደርጋል። እና እኔ እቆማለሁ። አትሳቁ፣ እቆማለሁ እኮ፣ እግሬ ለምዶታል። "ጋሽ ሙሄ፣ ልምታልህ ወይስ ይለፍህ?" ይለኛል። "ምታ" አልሁት። "በየቀኑ ምታ። አንድ ቀን ሳልቆም አልፋለሁ።"

የማኅበሩ ግቢ ቁልፍ አንቺ ጋ ነበር። "ቁልፉን ስጪኝ፣ መንገድ ሳልወጣ እዚያው ግቢው ውስጥ እለማመዳለሁ" ብልሽ ወዲያው ሰጠሽኝ። ለምን ብለሽ አልጠየቅሽም፣ ለስንት ቀን ብለሽ አልጠየቅሽም። እኔ ያን ጊዜ ነው አንድ ነገር እንደሚቆረቁርሽ ያወቅሁ።

ታዲያ ከሱብሂ ሶላት በኋላ ከሀዋ ጋር፣ ከባለቤቴ ጋር፣ እንገባለን። ጀሪካን በሁለት ረድፍ ደረደረች፣ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። እኔ ወደ ቀኝ ልወስደው መሪውን ወደ ቀኝ አዞራለሁ፣ ማሽኑ ወደ ግራ ይሄዳል። ወደ ግራ አዞራለሁ፣ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ጀሪካኑን ፈጀሁት። በሦስተኛው ቀን ሀዋ ተነሣችና፣

"አንተ ሰው፣ የአባትህን እርፍ ይዘህ አታውቅም?"

"አውቃለሁ።"

"ማረሻው ወደ ቀኝ እንዲሄድ እርፉን ወዴት ትገፋዋለህ?"

"ወደ ግራ።"

"እና ይሄን ማን ከለከለህ?" ብላ ተመልሳ ተቀመጠች።

ሱብሃነላህ፣ ሠላሳ ዓመት መሪ ይዤ ያልተማርሁትን። ከዚያ ወዲህ በስፖኪዮው ማየት ያዝሁ። ቀጥ ብሎ እንዲመለስ ከፈለግሽ፣ ማሽኑ በየትኛው መስታወት ወጣ ብሎ እንደታየሽ ታይና መሪውን ጥቂት፣ ጥቂት ብቻ፣ ወደዚያው መስታወት ትመልሻለሽ። በቃ ይህ ነው። ታዲያ እጄ ሲገባው ሀዋ ደግሞ ዱላ አነሣች፣ አሮጌ ቆርቆሮ ሰቀለች፣ እና ወደ ኋላ ስመለስ እንዳሻት ትመታዋለች። ቧ። ቧ ቧ። ቧ። ስቆም፣ "ማን ቁም አለህ?" ትላለች። አንድ ጠዋት አንቺም መጣሽ። ዱላውን ሰጠሁሽና "ምቺ" አልሁሽ። አልመታም አልሽ፣ ዓይንሽ እንባ ሞላ። እዚህ ላይ አይደለም እንባው፣ ሌላ ቦታ ነው ብዬ ዱላውን ለሀዋ መለስሁላት።

ሃያ ቀን ሞላን። በሃያኛው ቀን በከድር በር አለፍሁ። ቧ አደረገ። አልቆምሁም። ደግሞ ቧ አደረገ። ዞር ብዬ እንኳ አላየሁት። "ኧረ ጋሽ ሙሄ፣ ደነቆርህ እንዴ?" አለ። "ዳንሁ" አልሁት።

ደሴ ያው ልጅ ነው። "ዓይንዎን ይዘው መጡ?" አለ። "ሁለቱንም" አልሁት። መቀጠያውን አየሁ፣ ሰንሰለቱን አሰርሁ፣ መብራቱን ሞከርሁ፣ ገባሁ። ከአጥር ውጭ ሚኒባስ ነበር፣ ያው ይመታል፣ ይምታ። እጄ መሪው ላይ፣ ዓይኔ መስታወቱ ላይ፣ ጥቂት ወደ ግራ፣ ጥቂት ወደ ቀኝ፣ ችካሉን ሳልነካ ከጫፍ እስከ ጫፍ ገባሁ። ልጁ "ይበቃል" ሲለኝ እንኳ መጀመሪያ መስታወቱን አየሁ፣ ከዚያ ቆምሁ። ወረቀቱ ላይ ምልክት አደረገና፣ "ማን አስተማረዎት?" አለኝ። "አንዲት ሴትና አንድ ቆርቆሮ" አልሁት።

ኅዳር ሲገባ ማሽኑን መጀመሪያ የወሰድሁ የዘሀራ አውድማ ነው። ረዳት ልሁን ብለው ሦስት ሰዎች ከኋላ ተሰለፉ፣ "ዞር በሉልኝ፣ መስታወት አትጋርዱኝ" አልኋቸው። ከካቡ አንድ ድንጋይ ሳልነካ አስገባሁት። ዘሀራ ከደረቀው ጤፍ በእፍኟ ዘግና ጋቢዬ ላይ በተነችው።

በይ እንግዲህ መዲና፣ ያን ቃለ ጉባኤ አምጥተሻል። አንብቢልኝ።

"ይቅርብዎ ጋሼ።"

አንብቢ።

"አቶ ሙሄ እፈተናለሁ ቢሉም ዕድሜያቸው የገፋ በመሆኑ እንደማያልፉ ስለሚታመን..."

ማን ነው ይህን ያለ? ሊቀመንበሩ ነው?

"ማንም አላለም ጋሼ። እኔ ነኝ ከራሴ የጨመርሁት። ያኔ ያማረ አጻጻፍ መስሎኝ ነው። አጎቴ ነዎት፣ ስብሰባው ላይ ልሟገትልዎ ይገባኝ ነበር። ሲነበብ እርስዎ ቀና ብለው ስላላዩኝ እስከ ዛሬ እንቅልፍ የለኝም። አሁን እሰርዘዋለሁ።"

ቀና ብዬ ያላየሁሽ ስላወቅሁሽ ነው። "ስለሚታመን" እሚል ሰው በዚህ ቀበሌ ካንቺ በቀር አለ? ቢክ እስክሪብቶውን መልሺው። እንዳትሰርዢው። ይኑር፣ ልጆቼም ያንብቡት። ከሥሩ ግን ባንቺው እጅ፣ ባማረው አጻጻፍሽ፣ "አልፈዋል" ብለሽ ጻፊበት። አሁን፣ እያየሁሽ።

እኔ መዲና ጻፍሁት። እሳቸውም ወረቀቱን ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው አዩና ሳቁ። "አንድ ነገር ጎድሏል" አሉኝ። "ምን?" አልኋቸው።

"'ወደ ኋላ አልፈዋል' በይበት።"