ጨው የሌለበት ገበታ

አባቶቼ ካህናት፣ የዕድራችን ሽማግሌዎች፣ እናቶቼና እኅቶቼ፣ ከወልቂጤ መነኸሪያ ተራችሁን ጥላችሁ የመጣችሁ ሾፌሮች፣ ከትናንት ጀምሮ ከጎናችን ያልተለያችሁ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን፤ ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ፀሐዩ ከባድ ነው፤ ብዙ አላቆማችሁም። ተረፈ ቢሰማኝ «ይታገሱ፣ ተሳፋሪ አታጉላላ» ይለኝ ነበር።

የማታውቁኝ ካላችሁ፣ ይታገሱ እባላለሁ። ከቡታጅራ ወልቂጤ ሚኒባስ እነዳለሁ። እኔና ተረፈ ረዳት ሆነን አንድ በር ላይ ተንጠልጥለን ነው ያደግነው። መንጃ ፈቃድም አብረን አወጣን። ዛሬ እሱን እዚህ አስቀምጬ ብቻዬን ልመለስ ነው።

ተረፈን የምታውቁት በመንገድ ነው። ቁርስ ጉብሬ፣ ምሳ ወልቂጤ። የሚያልፈው ክትፎ ቤት አልነበረም። ጨው ሲወድማ! ክትፎው ላይ ሚጥሚጣ፣ ሚጥሚጣው ላይ ጨው። አስተናጋጇ የክትፎውን ጣባ ሳታስቀምጥ «ጨው አምጪ» ይላል። ቤቱ የሚበላው እሑድ ብቻ ነበር። ልጆቹ እሑድ እሑድ እንደ እንግዳ እያፈሩ ነበር የሚያዩት።

ከዚያ ልቡ ደከመ። ሐኪሙ አስቀመጠውና ነገረው። መሪ አትይዝም። ዳገት አትወጣም። ከባድ አታነሣም። ጨው አትቀምስም። ውኃም ቢሆን በልክ ነው። ይህን ብሎ ወደ ቤቱ ሰደደው። ለእናንተ ቤት ማረፊያ ነው። ለሾፌርስ?

በሩ ክፍት ነበር። ማንም አልቆለፈበትም። ግን ወዴት ይሂድ? እስከ ጓሮ ሲሄድ ትንፋሹ ያጥራል። እስከ መንገድ ሲወጣ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል። ቤቱ ደግሞ ከቡታጅራ መነኸሪያ ጀርባ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ክላክስ ሲሰማ ይውላል። ሁላችንንም በሞተራችን ድምፅ ይለየን ነበር። «ያ ራምዚ ነው፤ በሁለተኛ ማርሽ ያስጨንቃታል» ይላል። ራምዚ፣ ሰምተሃል? አንተን ሲሳደብ ነበር የሚውለው።

ከሁሉ የከበደው ግን ሳህኑ ነበር። ባለቤቱ የሺመቤት መጀመሪያ ላይ ለብቻው ትሠራለት ነበር። ልጆቹ በትሪ፣ እሱ በትንሽ ሳህን። አንድ ቀን ምሳ ላይ ደረስኩ። ተረፈ ሳህኑን አየ፤ ትሪውን አየ። «የሺ፣ እኔ እኮ በዚህ ቤት ትርፍ ሆንኩ» አላት። ትርፍ ምን እንደሆነ እኛ ሾፌሮች እናውቃለን። ወንበር የሌለው ተሳፋሪ ነው። ትራፊክ ሲታይ «ጎንበስ በል» የሚባለው እሱ ነው።

የሺ ብድግ አለች። የልጆቹን ምስር ወጥ አነሣችና ለጎረቤቷ ለሃሊማ ላከች። የእሱን አልጫ ትሪው መሀል ላይ አፈሰሰችው። «ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት ጨው የለም። ወይ ሁላችንም እንበላለን፣ ወይ ሁላችንም ጦማችንን እናድራለን» አለች።

ወገኖቼ፣ ጨው የሌለው አልጫ በልታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ በልቻለሁ። የሺ ስታጎርሰኝ እምቢ ማለት አልቻልኩም፤ ዓይኔን ጨፍኜ ዋጥኩ። ሆሳዕና፣ የበኩር ልጁ፣ «እማዬ፣ ይሄ ምግብ ነው ወይስ ቅጣት?» ብላ አለቀሰች። እውነቷን ነበር። አባት ታሰረ፣ ቤተሰቡ ሁሉ አብሮት ገባ።

ያን ጊዜ ነው የሺ ወደ ጓሮ የወጣችው። በሶብላ ዘራች። ጦስኝና ኮሰረት ከቸሃ ዘመዶቿ አስመጣች። ጤና አዳሙ በአጥሩ ሥር ሞላ። ጎመኑን በነጭ ሽንኩርትና በዝንጅብል ታበስላለች፤ አይቡ ላይ ጤና አዳም ትበጥሳለች፤ ከኮሰረቱ ጋር የተነጠረው ቅቤ ጠብ ሲልበት ደግሞ ሽታው መንገድ ላይ ያቆማችኋል። ያ መሪ የለመደ እጅ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ቅጠል ይቀነጥስ ጀመር። ስንስቅበት «ሳቁ! እናንተ ናፍጣ ትሸታላችሁ፣ እኔ በሶብላ እሸታለሁ» ይለናል።

ጨዋታም ፈጠሩ። ሆሳዕና ዓይኑን በነጠላ ታስርና በማንኪያ ታቀምሰዋለች።

«ይሄ ምንድነው አባዬ?»

«በሶብላ።»

«ተሳሳትክ! ጦስኝ ነው!»

«እናንተ ናችሁ የቀላቀላችሁት፤ ድገሚልኝ!»

ሳቃቸው እስከ መነኸሪያው ይሰማ ነበር። በእሑድ ብቻ ያዩት የነበረውን አባት በየቀኑ አጎረሱት፤ እሱም አጎረሳቸው። አልጫውንም ለመዱት። ለመዱት ብቻ አይደለም፣ እኔም ሳልጠራ ምሳ ሰዓት ጠብቄ መሄድ ጀመርኩ።

ግን ደስ ብሎት ኖረ ብዬ እዚህ ቆሜ አልዋሽም። ጎመኑ ጣፈጠ፤ ግቢው ግን ያው ጠባብ ነው። የሺም ብትሆን ሠርግ ትጠራለች፣ ትሄዳለች፣ እህል ሳትቀምስ ትመለሳለች። «እሱ ያልበላውን አልበላም» ነው ነገሩ።

ከዚያ እግሩ ማበጥ ጀመረ። ሐኪሙ «ጨው እየበላህ ነው» አለው። «አልበላሁም» አለ። «እየበላህ ነው» አለው። ቤቱ ፍርድ ቤት ሆነ። የሺ ኪሱን ትፈትሻለች፤ ትራሱን ታነሣለች። እኔንም ጠርጥራ በር ላይ አቆመችኝና ጃኬቴን አራገፈችው። ሾፌር ኪስ ውስጥ የማይገኝ ነገር የለም፤ ጨው ግን አልተገኘም። ተረፈ ማለ። በልጆቹ ስም ማለ። ማን ይመነው? መውጫ በሌለህ ቤት ሌባ መባል ምን ያህል እንደሚያፍን አስቡት።

ክረምቱ ወጣና የበርበሬ ጊዜ ደረሰ። የሺ የመስቃን በርበሬ ገዛች፣ ቀነጠሰች፣ አደረቀች፣ ለወፍጮ አሰናዳች። እናቶቼ፣ ከኮረሪማውና ከጥቁር አዝሙዱ ሌላ በርበሬው ላይ ምን ይገባል? ንገሩኝ እንጂ! ... አዎ። ጨው። ከእናቶቻችን የወረስነው ነው፤ እጅ ሳያስብ ያደርገዋል። የየሺም እጅ ከቅመሙ ጋር ሳታስብ የገዛችውን ጨው ዘግኖ ሊበትን ሲል አየር ላይ ቀረ። ጩኸቷን ሰምቶ ጎረቤት ተሰበሰበ፤ ሰው የሞተ መስሎት። ለካ ጨው ከቤቴ አስወጣሁ ስትል፣ አምና ያስፈጨችው በርበሬም ሚጥሚጣውም ከነጨዋቸው ጓዳ ተቀምጠው ነበር፤ እሷም ጎመኑና አይቡ ላይ ትነሰንስለት ነበር።

እግሩ ላይ ወድቃ ይቅርታ ጠየቀችው። ተረፈ ምን ቢል ጥሩ ነው? «እኔን ስትፈትሺ ክረምቱ አለቀ፤ ሌባው ፊቱን አቅልቶ ጓዳሽ ተቀምጧል!» ብሎ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። የዚያ ዓመት በርበሬ ያለ ጨው ተፈጨ፤ በሶብላና ጦስኝ ተጨመረበት። የእግሩም እብጠት ጎደለ።

አንድ ነገር ልጨምርና ልጨርስ። ያለፈው መስቀል ሰሞን ነው። አገሬው ሁሉ ለበዓል ይገባል፤ መነኸሪያው ሰው በሰው ሆኗል። መኪናዬ ሞልታለች። ተረፈ በነጠላ ጫማ ከባጃጅ ሲወርድ አየሁት። ላብ በላብ ሆኗል። «መሪውን ስጠኝ» አለኝ። ምን ልበለው? ሰጠሁት። ሞተሩን አስነሣ። ዓይኑን ጨፈነ። ተሳፋሪው «እንሂድ እንጂ ሾፌር!» ይላል። ረዳቱ በሩን ዘጋ። እኔ አጠገቡ ሆኜ እጁን እጁን አያለሁ። ቢነዳስ? ዳገቱ ላይ ልቡ ቀጥ ቢልስ? እጁን ማርሹ ላይ አደረገ። ፊቱ ላይ ያየሁትን እኔ ነኝ የማውቀው፤ በሕይወቴ እንደዚያ መሄድ የፈለገ ሰው አላየሁም። ከዚያ ሞተሩን አጠፋው።

«ቤት አድርሰኝ ይታገሱ» አለኝ። «ምሳ ደርሷል። እኔ ካልደረስኩ አይበሉም።»

አደረስኩት። እውነትም አልበሉም ነበር። ጎመኑ ቀዝቅዞ ጠበቀን።

ትናንት ካረፈ በኋላ፣ ጎረቤቶች ምግብ ይዛችሁ መጣችሁ። እግዚአብሔር ይስጣችሁ። የሺ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም፤ እንባም አልወጣትም ነበር። ሆሳዕና አንድ ጉርሻ በግድ አጎረሰቻት። አኘከች። አቆመች። «ጨው አለው» አለች። ከዚያ በኋላ ነው ያለቀሰችው።

የሺ፣ እኅቴ፣ በዚህ ሁሉ ሕዝብ ፊት ልንገርሽ። የተከለከለው ተረፈ ነው። አንቺን የከለከለሽ የለም፤ ልጆቹንም የከለከለ የለም። የሚገባችሁን አድርጋችኋል፤ ከዚህ በላይ ማንም አያደርግም። ከዛሬ ጀምሮ ወጥሽ ላይ ጨው ጨምሪ። እሺ በይኝ።

... አያችኋት? ራሷን በእምቢታ ነቀነቀች። ሆሳዕና፣ ምን አለች እናትሽ? ጮክ በይ ልጄ፣ አልሰማሁሽም።

... «ከጨመርኩማ የእውነት ሄደ ማለት ነው» አለች።

ካህናቱ ለዚህ መልስ ካላችሁ ስጧት፤ እኔ ሾፌር ነኝ።

ተረፈ፣ ወንድሜ፣ አንተው ንገራት። እኔን አትሰማኝም። ደህና ሁን። አፈሩ ይቅለልህ። ዛሬ ሳይጠብቁህ ይብሉ በላት።