ጋሽ ኤርካሎ ለእህታቸው ልጅ የወሰዱት ሐረግ

የበልግ ዝናብ በቀረበት ዓመት፣ ሻንቶ ከተማ መንገድ ዳር ሚኒባስ ስጠብቅ ጎረቤታችንን ጋሽ ኤርካሎን አገኘኋቸው። የጠወለገ የስኳር ድንች ሐረግ ታቅፈዋል። ለዘር ያቆዩት ነበር፤ ሌላ ካላገኙ ማሳቸው ጦሙን ያድራል፣ ቤተሰቡም እንዲሁ። የእኔ ዓይን ግን ዳሞታ ተራራ ላይ ነበር። በልጅነቴ ጠዋት ጠዋት ጉም ይለብስ ነበር፤ ያ ጉም ይናፍቀኛል።

አብራኝ ወደ ሶዶ የምትሄደው የሰፈራችን መምህርት አስካለች ደረሰች። “ጋሼ፣ እርስዎም ወደ ሶዶ ነዎት? እኛ ምክር ቤት ልንሄድ ነው። የደንና የአየር ንብረት ደንቡ ዛሬም ሳይጸድቅ እንዳያድር።”

“እኔ ሐረግ ፍለጋ ነኝ። ደግሞስ ዝናብ የእግዚአብሔር አይደል? መንግሥት ያዘንባል እንዴ?”

“አያዘንብም። ምንጭ ዳር ዛፍ የሚቆርጠውን ግን ይከለክላል። ጸሎቱንም አልተውንም፤ እሁድ አብረን አልጸለይንም?”

“ጸለይን እንጂ! ‘አሜን’ ስትዪ ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ” ብለው ሳቁ። “ግን ዝናቡን ያስቀረው የፈረንጅ ፋብሪካ ጭስ ነው ያላችሁን እናንተው ናችሁ። የሶዶ ምክር ቤት ፈረንጅ ሊቀጣ ነው?”

“የራሳችንን ደጅ ሳንጠርግ ፈረንጁን ብንወቅስ ማን ይሰማናል? ዞኑ ክልሉን፣ ክልሉ ፌዴራሉን ይጠይቅ። አብርሃም አፉን ቢከፍት ይጀመራል፤ እርስዎ ሄደው ይንገሩት።”

አብርሃም የመረጥነው የምክር ቤት አባል፣ የጋሽ ኤርካሎም የእህት ልጅ ነው። በእኛ ዘንድ የእናት ወንድም ቃል አይጣልም። እሳቸው ግን ልጁ ከተሾመ ወዲህ ደጁን ረግጠው አያውቁም።

“ነውር ነው” አሉ። “ሹመቱን ሊበላ መጣ ይሉኛል።”

“ለራስ መለመን ነውር ይሁን፤ ለአገር መጠየቅም ነውር ነው? እርስዎ ሲያፍሩ እንጨት ነጋዴዎቹ አላፈሩም። ከደጁ አይጠፉም።”

ጋሽ ኤርካሎ ሐረጉን አገላብጠው አዩት። መኪናው ሲመጣ አብረውን ገቡ። ሶዶም ስንደርስ ገበያው ጋ አልወረዱም።

ምክር ቤቱ በር ላይ አብርሃም ከሰው መሀል አያቸውና ደንግጦ ጎንበስ አለ። “አጎቴ! ቤት ምን ሆነ?”

“ቤት ደህና ነው። ይህን ትከልልኝ።”

“ይሄማ ደርቋል፤ አይበቅልም።”

“እሱን ላሳይህ ነው የመጣሁት። ለእኔ ሐረግ አትፈልግልኝ፤ ለሁላችን ደንቡን አስወጣ። እስኪወጣ ደጅህን እጠናለሁ።”

አብርሃም ሐረጉን እንደያዘ ወደ አዳራሹ ገባ።

ደንቡ ቢወጣ ምንጩ ዳር ዛፍ ይቆማል፤ አፈሩ ውሃ ይይዛል፤ ዘርም ለከርሞ ይተርፋል። ሹም የሚሰማው ደጁ ላይ የቆመውን ነው፤ እኛ ካልቆምን መጥረቢያ የያዘው ይቆማል።

ጋሽ ኤርካሎ ከበሩ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ እኔም አጠገባቸው ቆምኩ። ዳሞታ ራቁቱን ይታያል።

“ጉሙን ታስታውሳለህ?” አሉኝ።

“አስታውሳለሁ ጋሼ።”

“እንግዲያው የትም አትሂድ” አሉና፣ ቦታ ሊለቁልኝ ጠጋ አሉ።